ወፍጮው በተወቀረ ዕለት

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፈህሚያ ጀማሉዲን
ሻርጃ

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ቤት አይራቅ። እኔ እናትሽ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባትሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነው። ልጅሽ ኸይሪያ ደህና ናት። ይሄን አስቀድሜ የጻፍኩት ወረቀቱን ገና ስትዘረጊው ልብሽ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ሳወራሽ ኸይሪያ ጉንጯን ከጉንጬ ለጥፋ ነው የምታዳምጠው። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከበድ ያለ ነገር ልናገር ስል ኔትወርኩ ሳይቆረጥ እኔው "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም" ብዬ እዘጋዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁሽ አላህ ነው የሚያውቀው። የጨርቅ ነጋዴው ዐብዱልከሪም ሐሙስ ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ አገር ይሄዳል። ይሄን ደብዳቤና አንድ ፌስታል የጤፍ ዱቄት ያደርስልኛል። ዱቄቱን ግን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትክፈቺው። ምክንያቱን ስደርስበት እነግርሻለሁ።

እጄ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ግቢውን እጠርጋለሁ። የጠረግሁትን ደግሜ እጠርጋለሁ። ጠዋት አባትሽ ወደ ሱቅ ሊሄድ ሲወጣ አየኝና "ምነው ኩልሱም፣ መሬቱ ቆዳው ተላጠ እኮ" አለኝ። መቀመጥ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ። ከተቀመጥኩ አንድ ነገር የሚደርስብኝ ይመስለኛል።

የላክሽው ማይክሮዌቭ ሳይሰበር ደርሷል። ያስቀመጥኩት ከመስኮቱ ሥር፣ የእህትሽ የሰሚያ የስፌት ማኪና ከነበረችበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ማኪናዋን አልሸጥኳትም፤ ጓዳ አስገብቼ በነጠላዋ ሸፍኛታለሁ። ሰሚያ ካለፈች ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆናት፤ ጠረጴዛው ባዶውን ሲቆም ግን ገና ትናንት ይመስላል። ስለዚህ ቦታውን ለዚህ ሣጥን ሰጠሁት። አባትሽ ሲያልፍ ሲያገድም በመስታወቱ ጺሙን ያይበታል።

በስልክ የላክሽውን የኬክ አሠራር ኸይሪያ አነበበችልኝ፣ እኔ በትልልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አራት የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት፣ ሁለት ካካዎ፣ ሁለት ስኳር፣ በጣት ጫፍ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ሦስት ማንኪያ ወተት፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት። እዚያው ኩባያው ውስጥ ማማሰል፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ማስገባት።

"በቃ?" አልኳት።

"በቃ፣ እምዬ።"

"ቡኮው አያድርም?"

"አያድርም።"

"እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ቡኮው አያድር። ይሄ በምን አንጀቱ ነው የሚበስል?"

"አንቺ ብቻ ኩባያ አምጪ።"

እሷው ሄዳ ያመጣችው ኩባያ ከቡፌው ነው፤ ለእንግዳ ካልሆነ ከማይወጡት፣ ጠርዛቸው ወርቅ ከተቀባው አንዱ። ለመጀመሪያ ኬኳ የሚገባው እሱ ነው አለች። ልከልክላት ብዬ ተውኩት። ቁልፉን እንደተጫነችው ጠርዙ ዙሪያውን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ጣ ጣ ጣ አለ! አባትሽ "ቢስሚላህ! ሰይጣን ገብቶበታል፣ ገመዱን ንቀሉት!" እያለ እሱ ራሱ ወደ በሩ ሮጠ። ጉልበቴን የሚለው ሰውዬ ማለት ነው።

"አባባ፣ ሰይጣን አይደለም፤ ወርቁ ነው" አለችው ኸይሪያ።

"ወርቅ ከሆነ እኔን ምን አስሮጠኝ?" ብሎ ከበሩ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ስትስቅበት ትውላለች።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በነጩ ወፍራም ኩባያ ነው። መብራቱ እንደምታውቂው ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ኸይሪያ ደረቁን ደባልቃ፣ እንቁላሉን ከጎኑ አስቀምጣ ትጠብቃለች። አምፖሉ ቦግ ሲል "መጣ!" ብላ ትጮኻለች፤ እኔ ወተቱን፣ እሷ እንቁላሉን፤ እንደ እሳት አደጋ ሰው ነው የምንሯሯጠው። አንድ ቀን አርባ ሰከንድ ላይ ጠፋብን። ሲመለስ ደግመን ብናስገባው እንደ ጎማ ሆነ። እሱንም በላችው።

ፈህሚያ፣ ይህች ልጅ ግንቦት ላይ ሐኪሟ ዶክተር ወንጌላዊት ስንዴና ገብስ አንጀቷን ያቆስላታልና ጨርሳ ትተወው ካለች ጀምሮ፣ ሰው ልደት ላይ ሙዝ ይዛ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ኬክ እሺ ብሎ ከኩባያው አፍ በላይ ሲነፋ ያየችውን አስተያየት ብታዪ! እስከ ታች ጠራርጋ በላችውና ኩባያውን ገልብጣ "ጨረስኩ፣ እምዬ" አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ወደ ውጪ ወጣሁ። መጥረጊያ አነሣሁ።

ረቡዕ ነው። ትናንት እዚያ ላይ አቆምኩ።

አሁን የደበቅሁሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደውለሽ "ኸይሪያስ?" ስትይኝ "ተኝታለች" ያልኩሽ ውሸቴን አልነበረም፤ የተኛችው ግን ታማ ነው። ሆዷ ተነፍቶ፣ ተቅማጡ ተመልሶባት፣ ፊቷ አመድ መስሎ። አንቺ በሰው አገር ሆነሽ እንዳትበሳጪ ብዬ ነው የደበቅሁሽ። ይቅር በይኝ።

የበላችው ሌላ ነገር የለም፤ እንጀራዋም ኬኳም ጤፍ ብቻ ነው። ጎረቤት "ማሽኑ ነው፣ ጨረሩ ነው" አለ። እኔም አምኜ ሁለት ቀን ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ልጅቱ በፎጣው ላይ እጇን ጭና ስታለቅስ ጊዜ ይዣት ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ዶክተሯ ስለ ማሽኑ ምንም አልጠየቀችኝም።

"እናቴ፣ ጤፉን የት ነው ያስፈጩት?" አለችኝ።

ይሄን የጠበቅሁት አልነበረም። እስከ መስከረም የበላነው ዱቄት አክስትሽ ከእንፍራንዝ አስፈጭታ የላከችው ነበር፤ እዚያ ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ አላቸው። ሲያልቅብን ጊዜ ከትክል ድንጋይ ሸጋ ጤፍ አስመጥቼ፣ ለቅሜ፣ አበጥሬ፣ እዚሁ ሰፈራችን አያ ዳኛው ወፍጮ ቤት አስፈጨሁ። ሁላችን እንደምናስፈጨው።

ከሐኪም ቤቱ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ሄድኩና በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። አርባ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። የአንዱ ስንዴ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን እንዳይዞር የሚቀጥለው ሰው እህል ወዲያው ከላይ ይፈስሳል። የፊተኛው ሰው ትርፍራፊ ለኋለኛው ይደርሳል፣ የኋለኛው ለተከታዩ። ማንንም ቅር አይለውም፤ እንዲያውም መዋደድ ነው የሚመስለው።

"አያ ዳኛው፣ ያን ዕለት ከእኔ ጤፍ በፊት የተፈጨው ምን ነበር?" አልኩት።

"የሠርግ ስንዴ ነዋ። ምነው፣ ዱቄትሽ ጎደለብሽ?"

"አልጎደለም። በዝቶብኝ ነው።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንዷ ከኋላ "እኛ ሲጎድልብን እንጮኻለን፣ ይቺ ተጨመረልኝ ብላ ትጣላለች!" አለች።

እኔም አብሬ ልስቅ ሞክሬ አልቻልኩም። የልጅቱን ነገር ነገርኩት። አያ ዳኛው ቆቡን አውልቆ ዱቄቱን አራገፈ።

"ታዲያ ድንጋዩን አጥበህ ፍጭልኝ ልትይኝ ነው?"

"ይታጠባል?"

"አይታጠብም። ቅዳሜ ግን ይወቀራል። በተወቀረ ዕለት ፊቱ አዲስ ነው፤ ምንም የለበትም። ነገር ግን መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት አሸዋ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ሁለተኛ ልሁን እያለ የሚጨቃጨቀው።"

"እኔ አንደኛ ልሁን።"

"ጥርስሽ ይረግፋል፣ ኩልሱም።"

"የፊተኛውን ለዶሮ እሰጠዋለሁ።"

ቅዳሜ ማለዳ ስሄድ ገና ድንጋዩን እየወቀረው ነበር። እኔ አዲስ ብሩሽ ይዤ፣ አፌን በሻርፔ አስሬ፣ ዱቄቱ የሚወርድበትን ቋት እስከ ጥጉ ጠረግሁት። ከማእዘኑ ስንት ዓመት የከረመ ዱቄት ወጣ መሰለሽ! አያ ዳኛው ቆሞ እያየኝ "እኔ ቤት እንዲህ አድርጋ ሚስቴም ጠርጋ አታውቅ" አለ። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ እኔ አንደኛ ነኝ ስል እንዲህ በፍቅር ተራ የተለቀቀልኝ ዕለት የለም። የመጀመሪያውን ቁና ለዶሮ አወጣሁ። ቀጥሎ የወረደውን በአዲስ ከረጢት ተቀበልኩ። ወንፊቱንም አዲስ ገዛሁ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሆዷ ረግቷል። ፊቷ መለስ ብሏል። ባለፈው ዓርብ የጓደኛዋ የዳግማዊት ልደት ነበር። ኸይሪያ ኬኳን በነጩ ኩባያ ሠርታ፣ በሳህን ከድና ይዛ ሄደች። ሌሎቹ ከትልቁ ኬክ ሲቆረስላቸው እሷ ማንኪያዋን አወጣች። ዳግማዊት "የኔን ውሰጂና ከሱ አቅምሺኝ" ብላ ለመነቻት አሉ። የኛዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ያንቺን አልወስድም፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ከኔ ግን አንድ ማንኪያ።" አንድ ብቻ። ሳትሰፍርላት አልቀረችም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ሸጋ ነበር። አላለቀም። ሻይ ልጠጣ ተነሥቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁ፤ የመጣ ሰው የለም። ነገ እቀጥላለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ዐብዱልከሪም በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብሏል።

ግንቦት ላይ፣ የኸይሪያ በሽታ የተገኘ ዕለት፣ ዶክተሯ ካርዱን እየጻፈች "ከቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ሆዱን የሚያመው፣ የሚከሳ፣ ደም የሚያንሰው ሰው ነበር?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ጥያቄውን ሳትጨርሰው ነው ያልኳት።

ፈህሚያ፣ እህትሽ ስታልፍ አንቺ እዚያ ነበርሽ፤ መምጣትም አልተቻለሽም። በስልክ "ምን ሆና ሞተች?" ስትይኝ "ደም ማነስ" ብዬሻለሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽ። ሰሚያ ከስታ ከስታ ቀለበቷ ከጣቷ ይወድቅ ነበር። ሆዷ ግን ይነፋል። እኛ ጨጓራ ነው አልን፣ ዐይን ነው አልን። የደከመ ሰው ምን ይሰጠዋል? የገብስ በሶ። በየማለዳው በሶውን በማር በጥብጬ በነጩ ወፍራም ኩባያ እሰጣታለሁ። ከሰዓት በኋላ የስንዴ ገንፎ በቅቤ። "እማ፣ እሱን ስበላ ነው የሚነፋኝ፤ ልተወው" አለችኝ። አንድ ጊዜ አይደለም ያለችኝ። "ስላልበላሽ ነው የሚነፋሽ፣ ብዪ" አልኳት። ኩባያውን ጨርሳ እስክታሳየኝ ከአጠገቧ አልነሣም። መጨረሻው ላይ ትጠጣ የነበረው እኔን ለማስደሰት ነው። ኩባያውን ገልብጣ "ጨረስኩ፣ እማ" ትለኝና ትስቃለች።

እስከ ዛሬ ሰው በሄድኩበት "ኩልሱም ልጇን እንዴት አድርጋ አስታመመቻት!" ይላል። ይሄን ሲሉኝ ነው መጥረጊያ የማነሣው።

በዱቄቱ ነገር ወደ ዶክተሯ በሄድኩ ጊዜ፣ ልንወጣ ስንል፣ ኸይሪያን ከበሩ ውጪ አስቀምጬ ተመለስኩ። "ባለፈው የለም ያልኩሽ አለ፤ ነበረች" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። "እናቴ፣ አሁን ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ይሁን አይሁን ልነግርዎት አልችልም" አለችኝ። ሊያጽናናኝ የሚችል ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን የምታውቀውን ብቻ ነው የተናገረችው። ከዚያ ቀና ብላ "የኸይሪያ እናትስ? ተመርምራለች?" አለችኝ።

"እሷ ጤነኛ ናት፤ ሻርጃ ናት" አልኩ። አፌ እንደዚያ አለ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ላይ የነገርሽኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ጸጉሬ ይረግፋል ብለሽኛል። አፌ ውስጥ ይቆስላል ብለሽኛል። የደም ማነስ ኪኒን ጨርሼ ደግሜ ጀመርኩ ብለሽኛል። "የድካም ነው፣ እማ" ብለሽ ስቀሻል። እንደ እሷ ነው የሳቅሽው።

ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው። አምስት ጊዜ ደውለሽልኛል፤ አምስቱንም ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ "አይሰማም" ብያለሁ። ከነገርኩሽ የሰሚያንም መናገሬ ነው። አንቺም ለአንድ እህትሽ ሞት የማንን እጅ እንደምታዪ አውቃለሁ።

እዪው። ከዚህ ወረቀት ጋር በመርፌ የተያያዘችው ትንሿ ወረቀት ዶክተሯ በእጇ የጻፈቻት ናት፤ የበሽታውና የደም ምርመራው ስም ነው። ለሐኪም አሳዪያት። አሠሪዎችሽ ፈቃድ አንሰጥም ቢሉሽ እናቴ ታማለች ብለሽ ውጪ፤ ውሸትም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሦስት ቀን ያስጠረገኝ እሱ ነው። ዶክተሯ "ከመመርመሯ በፊት ስንዴውን እንዳትተው ይንገሯት፤ ካቆመች በሽታው እያለ ምርመራው ላይ ላይታይ ይችላል" አለችኝ። ዱቄቱን አትክፈቺው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ለሰሚያ በየቀኑ ስላት የኖርኩትን ቃል ላንቺም መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ወላሂ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ቀኑ ደረሰ፣ በሩም እየተንኳኳ ነው።

ልጄ፣ እስክትመረመሪ ድረስ ዳቦ ብዪ።

ከዚያ ውጤቱን ደውለሽ ንገሪኝ። የመጣው ይምጣ፤ ስልኩን አልዘጋም፣ አይሰማም አልልሽም። ስለ እህትሽ የምትጠይቂኝም ካለ ጠይቂኝ፤ ተቀምጬ እመልስልሻለሁ። ምርመራውን ከጨረስሽ በኋላ ሐኪሙ ተዪ ካለሽ ዱቄቱን ክፈቺው። ሦስት ጊዜ በአዲሱ ወንፊት የተነፋ ነው። አራት ማንኪያ ነው፣ እንዳትረሺ። ወርቅ ጠርዝ ያለው ኩባያ አይሁን።

አላህ ገላሽን ይጠብቅልኝ። የምትጎርሺውን ሁሉ ጤና ያድርግልሽ። ከልጅሽ ጋር አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጥሽ፤ እኔም ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ እንዳያችሁ ይርዳኝ።

እናትሽ
ኩልሱም

ዐብዱልከሪም በሩ ላይ ቆሞ "እታለም፣ አውሮፕላኑ አይጠብቀኝም" ይለኛል። ኸይሪያ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ነጩ ኩባያ ታጥቦ መስኮቱ ላይ ተደፍቷል።